የውዝፍ አበል ዕዳ

ርእሰ አንቀጽ

«ውዝፍ» የሚለውን ቃል በአብነትና በሰባተኛ አካባቢ የማያውቀው ሰው የለም። ነጋዴው ስለ ውዝፍ ግብር ያወራል፤ ተከራዩ ስለ ውዝፍ የቤት ኪራይ ይጨነቃል፤ የመብራትና የውሃ ሒሳብ የተጠራቀመበት ቤተ ሰብም ቃሉን ከወረቀት ላይ ያነበዋል። በእነዚህ ሁሉ ዕዳ ያለበት ዜጋው ነው፤ ጠያቂው መሥሪያ ቤት ወይም ባለቤት ነው። ጠያቂውም ዕዳውን ከቶ አይረሳም። ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ቅጣት ይጨምራል፤ ሲብስም ሱቁን ያሽጋል። ነገር ግን ይኸው ቃል ፊቱን አዙሮ፣ ባለዕዳው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ባለገንዘቡ በሥራ ላይ እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሠራተኛ በሚሆንበት ጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል። ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ የለም፤ ቅጣት የሚጨምር የለም። ባለገንዘቡ ራሱ ከደጅ ቆሞ «እባካችሁ ይታይልኝ» ይላል።

ውድ ተማሪዎችና መምህራን፤ በዚህ እትማችን ስለዚህ ነገር ለመጻፍ የተነሣነው ጉዳዩ የሌላ ሰው መስሎ ስለሚታይ ነው። ከመካከላችን የጡረታ መዋጮ ከደመወዛቸው ተቆርጦ ያስተማሩን አባትና እናት የሌሉት ማን ነው? እኛስ ብንሆን ትምህርታችንን ጨርሰን ከተቀጠርን በኋላ ከመጀመሪያው ወር ደመወዛችን የሚቆረጠው ምን እንደ ሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? የማያውቁትን መብት መጠየቅ አይቻልምና አስቀድሞ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባል።

የጡረታ ነገር በአገራችን በዘመናዊ ሕግ መልክ የያዘው በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 እና እሱን ተከትሎ በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209/1955 ነው። በዚያን ጊዜ ሲቪሉ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥት ደግሞ ከመቶ 6 ያዋጡ ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ከዚህ ሕግ ጥላ ውጭ ሆኖ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ቆየ። በ2003 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ዐዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኛ ታወጁ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተኩባቸው። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ከመቶ 11 ያገባሉ፤ በድምሩ ከመቶ 18 ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ቍጥር ልብ እንበል። ገንዘቡ ከሰማይ የወረደ ችሮታ አይደለም። ሠራተኛው ጤነኛ ሳለ፣ ክንዱ ሳይደክም፣ ለክፉ ቀን ብሎ በየወሩ ያስቀመጠው ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1884 የሥራ አደጋ መድን ሕግ ሲያወጡ ከጀመሩት ሐሳብ ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም የሥራ አደጋ የአንድ ሰው ዕድል ብቻ ሳይሆን የሥራው ወጪ ነውና አስቀድሞ ይዋጣለት የሚል ነው። ስለዚህ አደጋው ደርሶ አበሉ ሳይከፈል ሲቀር የዘገየው የባለገንዘቡ ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ አበሉ ዐይነት እንምጣ። ሕጉ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያያል። አንደኛው በሥራ ምክንያት የሚደርስ ጉዳት ነው። ጉዳቱ ከመቶ 10 የማያንስ ሆኖ ሠራተኛው ከዚህ የተነሣ መሥራት አቅቶት ከሥራ ቢሰናበት የጉዳት ጡረታ አበል ይገባዋል፤ መጠኑም ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ይከፈለው ከነበረው የወር ደመወዝ ከመቶ 47 ነው። ጉዳት ደርሶበት ነገር ግን ሥራውን መቀጠል የሚችል ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት ያገኛል። ሁለተኛው ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ወይም ጉዳት ምክንያት የሚመጣ የጤና ጉድለት ነው። ለዚህ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል፤ ያን የሞላ ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ከነበረው አማካይ ደመወዝ ከመቶ 30፣ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ዓመት ደግሞ ከመቶ 1.25 እየተጨመረለት የዘለቄታ አበል ይቀበላል። 10 ዓመት ያልሞላው ዳረጎት ተከፍሎት ይሰናበታል።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ቢሰናበት የወር አበሉ 2,820 ብር ይሆናል። ይኸው ሰው ከመቶ 30 ተጎድቶ በሥራው ላይ ቢቆይ ግን 2,820 ብር በ60 ወር ይባዛል፤ 169,200 ብር ይመጣል። ከዚያ ውስጥ ከመቶ 30 ሲወሰድ ዳረጎቱ 50,760 ብር ነው። የጤና ጉድለት ከሆነና 20 ዓመት አገልግሎ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ከነበረ፣ ከመቶ 30 ላይ ከመቶ 12.5 ተጨምሮ ከመቶ 42.5 ይሆናል፤ በብር 2,550 ማለት ነው። ይህ ስሌት በአንደኛ ደረጃ ተማሪ አቅም የሚሠራ ነው። ሆኖም አበል ሲወሰንለት ስሌቱን በራሱ እጅ ደግሞ ያየ ባለጉዳይ ጥቂት ነው፤ የተሰጠውን ተቀብሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል።

ውዝፍ የሚወለደው በሁለት ቀኖች መካከል ነው። አንዱ ሠራተኛው ከሥራ ተሰናብቶ ደመወዙ የቆመበት ቀን ነው፤ ሌላው የመጀመሪያው አበል በእጁ የገባበት ቀን ነው። መብቱ የሚቆጠረው ከሥራ ከተሰናበተበት ጊዜ አንሥቶ ነው እንጂ ዶሴው ከተፈረመበት ቀን አይደለም። በምሳሌያችን የጠቀስነው ሰው ዶሴው 14 ወር ቢፈጅ፣ መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ወር 2,820 ብር ከፍሎ ዝም ቢል አልከፈለውም፤ ወደ ኋላ ተቆጥሮ 39,480 ብር ይገባዋል። ይህ ነው ውዝፍ ማለት። «አበልህ ተወስኗል» የሚለውን ደብዳቤ ሲቀበል ማየት ያለበት የወሩን መጠን ብቻ ሳይሆን «ከመቼ ጀምሮ» የሚለውን መስመር ጭምር ነው። አንድ ቀን በስሕተት ብትጻፍ የብዙ ወር እንጀራ ይዛ ትሄዳለች።

በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ጊዜ የሚያረዝመው ምንድን ነው? ጉዳዩን የቀረቡ ሁሉ የሚያውቁት ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስን የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አሠሪው አደጋው በሥራ ላይ መድረሱን የሚያስረዳ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ የአገልግሎት ዘመኑ፣ የደመወዙ ልክ፣ የልደቱ ዘመንና የስሙ አጻጻፍ ከመዝገቡ ጋር መስማማት አለባቸው። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም በሌላ ፊደል ከተጻፈ ባለጉዳዩ ይመለሳል። አሠሪው መዋጮውን ቆርጦ ሳያገባ ከቀረም ሰውየው የማያውቀው ጥፋት ዋጋ በእሱ ላይ ይወድቃል። ሕጉ ግን ለዚህ መድኃኒት አለው፤ መዋጮ ያላገባ አሠሪ ገንዘቡ ከባንክ ሒሳቡ ላይ እንዲወሰድ ለጡረታው መሥሪያ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። በክራንች የሚሄድ ሰው የአሠሪውን ዕዳ እየተሟገተ እንዲዞር ማድረግ ታዲያ ምን ይባላል?

አንዳንድ ጊዜም መዘግየቱ ከአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ በላይ ይሆናል። በትግራይ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ የባንክና የፌዴራል መንግሥት አገልግሎት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ጡረተኛው ዕድሜውን ሙሉ ያዋጣውን አበል ከባንክ ማውጣት አልቻለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላም የውዝፍ ጡረታና የውዝፍ ደመወዝ ጥያቄ ከትልልቆቹ የሕዝብ ጥያቄዎች አንዱ ሆነ። የአበል ባለመብት ጦርነት አላወጀም፤ ስምምነትም አልፈረመም። ስለሆነም በዚያን ጊዜ ያልተከፈለው እያንዳንዱ ወር ዕዳ ሆኖ መቆጠር እንዳለበት ፖለቲካ የለያያቸው ሰዎች እንኳ ሊስማሙበት የሚገባ ነገር ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል ያገራችን ሰው። ዘግይቶ የመጣ ገንዘብ እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደረሰ። ከዚያ ቀን በፊት ሊከፈል የሚገባው 39,480 ብር ከዚያ በኋላ ሲከፈል በወረቀት ላይ ቍጥሩ ያው ነው፤ መርካቶ ሲገባ ግን ያው አይደለም። መድኃኒቱ፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ የውዝፉን ቀን አይጠብቁም። በመካከሉ ሰውየው ተበድሮ ኖሯልና ውዝፉ ሲመጣ አበዳሪው በር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለገንዘብ ዕዳ በዓመት ከመቶ 9 ሕጋዊ ወለድ አስቀምጧል። በግለ ሰብ መካከል ላለ ዕዳ መዘግየት ዋጋ አለው ከተባለ፣ በመንግሥት ተቋምና በአካል ጉዳተኛ መካከል ላለው ዕዳም መዘግየት ዋጋ እንዳለው በጡረታው ሕግ ውስጥ በማያሻማ ቃል ሊጻፍ ይገባል። ይህ የመጀመሪያው አሳባችን ነው።

ከገንዘቡ ማነስ የከፋው ግን ይርጋ ነው። የጡረታ ሕጎቻችን ለውዝፍ ጥያቄ የይርጋ ጊዜ አላቸው፤ ያ ጊዜ ካለፈ መብቱ እያለ መጠየቂያው በር ይዘጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ሰዓቱ ከዚህም ይፈጥናል። በዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይታገዳል። ይኸው ዐዋጅ በሥራ ላይ ተጎድቶ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከመቶ 75፣ ለተከታዮቹ 6 ወራት ከመቶ 50 እንዲከፍል ያዛል። ሠራተኛው ይህን ሳያውቅ «ይድናል፣ ይመለሳል» እየተባለ በቤቱ ተኝቶ ወሩ ይቆጠራል። ቍስሉ ሳይሽር ጥያቄው ይሞታል ማለት ነው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለቤተ መንግሥት ሰው ብቻ አይደለም።

የሌላውን አገር ሥርዐት መመልከት ይህን ነገር ያጎላዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 በተቋቋመው የአካል ጉዳት መድን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ያሉት 5 ሙሉ ወራት አይከፈሉም፤ ከማመልከቻው ቀን ወደ ኋላ የሚቆጠረው ውዝፍም ከ12 ወር አያልፍም። በዚያ አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል «እስኪ ይሻለኛል» ብሎ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው ከቆየበት ጊዜ ከፊሉን ያጣል። ነገር ግን ከዚያው ሥርዐት የምንማረው መልካም ነገርም አለ። ባለጉዳዩን ወክሎ የሚከራከር ሰው ከውዝፉ የሚወስደው ክፍያ በሕግ ተወስኖ በተለመደው አሠራር ከመቶ 25 አይበልጥም፤ በዚያም ላይ የብር ጣሪያ አለው። በእኛ ዘንድ ጉዳይ አስፈጽማለሁ ባይ ደላላ ከአንድ እግረ ቢስ ሰው ውዝፍ ላይ ስንት እንደሚወስድ የሚጠይቅ የለም።

ከዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀረውንም ሰው መርሳት አይገባም። በመርካቶ ጀርባው ላይ ጆንያ ተሸክሞ የሚውለው ወዛደር፣ በምናለሽ ተራ ብረት የሚቀጠቅጠው ልጅ፣ ስሙ በማንም የደመወዝ መዝገብ ላይ አልሰፈረም። መዋጮ ስላልተቆረጠለት ውዝፍ የለውም፤ ጣቱ ሲቆረጥ ግን የሚደማው እንደ ማንም ሰው ነው። ለእንዲህ ያለው ሁለት ነገር ይነገረው። አንደኛ፣ ቋሚ አሠሪ ካለውና የጡረታው ሕግ የማይሸፍነው ከሆነ፣ የሠራተኛው ዐዋጅ ለዘለቄታ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዝ 5 እጥፍ ካሳ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ደመወዙ በእጅ መከፈሉ ይህን መብት አያጠፋውም። ሁለተኛ፣ መሥራት ለማይችሉ ድኾች በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ ነበረው፤ እንዲህ ያለው ድጋፍ ግን ያለፈውን ጊዜ የሚክስ ስላልሆነ ጡረታን አይተካም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የተጻፈው መልካም ነው። የቀረው ወደ ሰፈር መውረዱ ነው።

የመሥሪያ ቤቶቹን ክርክር ሳንሰማ ብንፈርድ ፍርዳችን ጐደሎ ይሆናል። የጡረታው ፈንድ የሚሊዮኖች ሠራተኞች ገንዘብ ነው፤ በሐሰት ማስረጃ፣ በተጋነነ የጉዳት መጠን፣ በተሰረዘና በተደለዘ የልደት ዘመን የሚወጣ ብር ሁሉ ከሌላው ጡረተኛ አፍ የሚነጠቅ ነው፤ ስለዚህ ማጣራት ግድ ነው ይላሉ። እውነት ነው። እኛም ማጣራቱ ይቅር አንልም። ነገር ግን የማጣራቱ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ? ዛሬ ዶሴው እስኪጣራ የሚራበው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ሠራተኛው መጎዳቱና መሰናበቱ ከተረጋገጠ፣ ክርክሩም በመጠኑ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያላከራከረው ገንዘብ ወዲያው ይከፈለው፤ የቀረው ሲጣራ ይጨመርለት ወይም ይታሰብበት። ይህ ሁለተኛው አሳባችን ነው።

ሦስተኛው አሳባችን ለራሳችን ነው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ የዚያ ዘመን ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ እንዲያስተምሩና እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር። ከኛ የሚጠየቀው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከአብነት ዳርማርን አልፎ እስከ ልደታ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ በባቡር ሁለት ፌርማታ ነው፤ በአንካሳ እግር ሲሆን ግን ሩቅ ነው። በፍርድ ቤት ደጅ ራፖር ጸሐፊው በገጽ ያስከፍላል፤ ባለጉዳዩም የተጻፈለትን ማንበብ አይችልም ይሆናል። የሕግ ተማሪዎች፣ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎችና የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎች በየቅዳሜው ጧት በአብነት አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር አኑረው ማመልከቻ በነጻ ቢጽፉ፣ ስሌቱን ቢያሳዩ፣ የጎደለውን ወረቀት ቢነግሩ ብዙ ዶሴ ይንቀሳቀሳል። የሕክምና ተማሪዎች የቦርድ ማስረጃ ምን ምን ማካተት እንዳለበት ቢያስረዱ፣ መምህሮቻችንም በየተራ መጥተው የጻፍነውን ቢያርሙ ሥራው ይጸናል። የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ይህን በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ አድርጎ እንዲይዝ በዚህ ጽሑፍ እንጠይቃለን።

እስከዚያው ድረስ እያንዳንዱ አንባቢ ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቱ ሊነግረው የሚችለውን ባጭሩ እንጻፍ። አደጋ በደረሰ ቀን በጽሑፍ ለአሠሪ አስታውቁ፤ ቅጂውንም ያዙ። የሕክምና ማስረጃን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ አንድ ላይ አኑሩ። የጉዳት መጠን ውሳኔን አታቆዩ፤ የሠራተኛው ዐዋጅ በተቻለ መጠን አደጋው ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ይላል። ማመልከቻ ስታስገቡ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያለበት ምልክት ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሡ፤ «ቃል ተነግሮናል» የሚል ማስረጃ የለም። የጎደለ ወረቀት ቢኖር እንኳ ማመልከቻውን አስቀድማችሁ አስገቡ፤ ወረቀቱ ይደርሳል፣ ያለፈ ቀን ግን አይመለስም። ውሳኔው ሲመጣ «ከመቼ ጀምሮ» የሚለውን አንብቡ፤ ወሮቹንም ቍጠሩ። በውሳኔው ካልተስማማችሁ ወደ ማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ መሄድ መብታችሁ ነው፤ ይግባኝ ማለት መሥሪያ ቤትን መሳደብ አይደለም።

የመንግሥት ሠራተኞችና የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሮች ኃላፊዎች ይህ ጽሑፍ በእጃቸው ቢገባ በቁጣ እንዳያዩት እንለምናለን። የምንጠይቀው አዲስ በጀት አይደለም። የተዋጣው በወቅቱ ይከፈል፤ ሲዘገይ መዘግየቱ ዋጋ ይኑረው፤ ባለጉዳዩም ዶሴው የት እንደ ደረሰ፣ ምን እንደ ጎደለው፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ በጽሑፍ ይነገረው። ግብር የዘገየበት ነጋዴ ይህን ሁሉ በጽሑፍ ይነገረዋል። የመዋጮውን ድርሻ በየወሩ ሳያጓድል የከፈለ ሠራተኛም ቢያንስ የዚያን ያህል ክብር ይገባዋል።